ሰው ሁሉ ገብቷል ወይ?

ማርዬ፣ የቤቴ ጌታ፤

ጉሙ ውስጥ ገብተህ ከዓይኔ ከተሰወርህ ይኸው ዓመት ከሦስት ወር ሆነህ። እንደምን ከረምህ ብዬ ልጀምር አልሁና እጄ እምቢ አለኝ። እንደምን ከረምህ የሚባለው መልስ ለሚሰጥ ሰው ነው፤ አንተ ደግሞ ዕድሜህን ሁሉ ጠያቂ እንጂ መላሽ አልነበርህም። ስለዚህ እኔው ልናገር። ትናንት ወር በገባ በአምስት የአቦ ማኅበራችሁ እኔ ቤት ተውሎ ነበር። የሆነውን ዛሬውኑ ካልጻፍሁልህ ነገ ድፍረቱ ይከዳኛል።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራህ። በወንዙ በኩል ያለውን ቆርቆሮ በረዶ በሳው፤ አስቀየርሁት። ከቀሐ ወንዝ እስከ ደጃችን ድንጋይ ተነጥፎ አሁን ባጃጅ በራችን ላይ ያወርዳል። ያ የጎረቤታችን የብረት በር፣ በተወረወረ ቁጥር መሬት ላይ ያስተኛህ የነበረው፣ ጎማ ተገጠመለት። ባለቤቱ ያስገጠመው አንተ ከሞትህ በኋላ ነው። አሁን ሲዘጋ ድምፅ የለውም። እኔ ግን ሲዘጋ ባየሁ ቁጥር ተኝተህ እንደሆነ ብዬ ወደ አልጋው ሥር አያለሁ።

ፊደል የለየሁት በመድኃኒትህ ብልቃጥ ላይ መሆኑን ታውቃለህ። የጠዋቱን ከማታው እንዳላቀላቅል ብዬ ጀመርሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልተውሁትም። ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር። መጻፍ ግን ይኸ የመጀመሪያዬ ነው ብልህ አልዋሽህም።

ኮትህ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። ጠጠሮቹም እኪሱ ውስጥ ናቸው። ስለነሱ በኋላ እነግርሃለሁ።

አስር አለቃ ነበርህ። ድንበር ላይ ምሽጉ በመድፍ በተደረመሰ ቀን አስር ሰው ይዘህ ገብተህ ዘጠኙን ቆጥረህ አስረከብህ። አስናቀ የሚባለው አልተገኘም፤ ሬሳውም አልተገኘም። አንተም በራስ ቅልህ ውስጥ ፍንጣሪ ይዘህ ወደኔ መጣህ። ሐኪሙ አንጎሉ ክፉኛ ተናውጧል፣ ፍንጣሪውን እናውጣ ብንል ጉዳቱ ይብሳል አለኝ። የጠዋቱን ነገር ቀትር ላይ ትረሳለህ፤ የዚያን ቀኑን ግን አንዲት ነገር አልጣልህም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደጁ ላይ ትቆማለህ። ከቀኝ ኪስህ ጠጠር እያወጣህ ወደ ግራው ትከታለህ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ትቆምና ፊትህን ወደኔ ሳታዞር ትጠይቃለህ። ሰው ሁሉ ገብቷል ወይ?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እሟገትህ ነበር። የምን ሰው ነው፣ እኔና አንተ ብቻ ነን እልሃለሁ። ያኔ እህል አትቀምስም፤ ከደጁም አትነቃነቅም። ጠበል ወሰድሁህ፤ ተጠምቀህ ስትወጣ ጠበልተኛውን ቆጠርህ። ሰውም በየአፉ ስም አወጣልህ።

አያ ታደሰ ከማን ሰምቶ እንደመጣ እስከዛሬ አላወቅሁም። አንድ እሑድ አንድ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ዱላውን ተመርኩዞ ገባና መደቡ ላይ ተቀምጦ እስኪመሻሽ ሲያይህ ዋለ። ጥያቄህን ስትጠይቅ እኔ አፌን ሳልከፍት ብድግ ብሎ ቆመና፣ «ሁሉም ገብቷል አለቃ፤ አስርም ናቸው» አለህ። ትከሻህ ረገብ አለ። ገብተህ እጅህን ታጠብህ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። አያ ታደሰ ሊሄድ ሲል፣ «እቴ የሺ፣ አትሟገችው። መልሱን ስጭውና እራቱን ይብላ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲመሻሽ ሁሉም ገብቷል፣ አስርም ናቸው እያልሁ አሳድርህ ነበር። አንድ የገረመኝ ነገር ቢኖር፣ ኮትህን ሳጥብ ሁልጊዜ ዘጠኝ ጠጠር ከግራ ኪስህ፣ አንድ ጠጠር ከቀኝ ኪስህ ማግኘቴ ነው። ስቼው አልፌ ነበር። አሁን ሳስበው መልሱ ፊት ለፊቴ ነበር።

ማኅበሩን እንደገና ላውራህ፤ ስለሱ ሲወራ ደስ ይልህ ነበር። ሰባት ሆናችሁ ነው የጀመራችሁት፤ ሁላችሁም ከጦር ሜዳ በራሳችሁ ላይ ጉዳት ይዛችሁ የመጣችሁ። እንደማንም የጽዋ ማኅበር በየወሩ በተራ በየቤቱ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል። አያ ታደሰ ሙሴያችሁ ሆኖ ማኅበሩን ይመራል፣ ጸሎቱን ያስጀምራል። ሰው የእብዶች ማኅበር ይላችሁ ነበር። ከመካከላችሁ ደሴ ግን ሲሰማ አይከፋውም፤ «ሰባት ነን፤ አእምሯችን ቢዋጣ ለሦስት ሰው አይተርፍም ብለህ ነው?» እያለ ራሱ ያስቃችኋል። እናንተ ቤት የድስት ክዳን የሚያስቀምጥ ሰው አስቀድሞ «ብረት ነው» ብሎ ይናገራል፣ ማንም እንዳይደነግጥ። የሚጥለው ሰው ሲወድቅ በየትኛው ጎኑ እንደሚያስተኙት ሁሉም ያውቃል።

ከሁሉ የበለጠው ሥርዓታችሁ ግን ቃል ያዥ ነበር። እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ሰው የሚረሳውንና የሚያስጨንቀውን ነገር ይይዝለታል። የቀለሙን ቃል ደሴ ይዞለታል፤ ቀለሙ አዘዞ መንገድ ላይ ቤቱ ሲጠፋበት ምን ቢሉት እንደሚረጋጋ የሚያውቀው ደሴ ነው። ያንተን ቃል የያዘው አያ ፈንቴ ነበር፣ ያ ምላሱ የሚይዘው፣ በቀን አስር ቃል የማይናገረው። የታመመ ሰው ያለ ቃል ያዡ ከከተማ አይወጣም፤ ይህ ሕጋችሁ ነበር። እሱን ሕግ ያፈረስሁት እኔ ነኝ ማርዬ። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ስለዚያ ነው።

እህትህ ብርቄ ታማ ከደባርቅ በላይ ወዳለው አገራችሁ ልንወጣ ስንል አያ ፈንቴ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ይዞ በማለዳ ደጃችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። «አያ ፈንቴ፣ ምነው ትደክማለህ? እኔ አለሁለት አይደል?» አልሁት። ጋቢውን አጣፍቶ ተመለሰ። ለድካሙ አስቤ አልነበረም። ሁለት የታመመ ሰው ይዤ በባሌ ዘመዶች ፊት መታየት አፍሬ ነው። እስከ ትናንት ድረስ ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም።

ብርቄ ቤት በገባን በሦስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመስለኛል፣ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ቤቱን ዋጠው። አጥሩ ጠፋ፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሁሉ ጠፋ። ቀኑን ሙሉ ደመና ሰማዩን ስለሸፈነው መሽቶ መስሎህ ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ጠይቀኸኛል፤ አራት ጊዜም መልሼልሃለሁ። ብርቄ እያሳላት በእቅፌ ይዣት ነበር። እርጥቡ እንጨት ጭሶ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ለአምስተኛ ጊዜ ከደጁ ሆነህ ሰው ሁሉ ገብቷል ወይ አልህ።

«አይ፣ አንድ ይቀራል» አልሁህ። «ሂድና ፈልገው።»

ዞረህ አየኸኝ። ከሐኪም ቤት ከወጣህ ወዲህ እንደዚያ ባለ ጥርት ያለ ዓይን አይተኸኝ አታውቅም። የድሮው ማሩ፣ ዛሪማ ገበያ ላይ ያየሁት፣ ለአንድ አፍታ ተመልሶ መጣ። «እኔስ እንደሱ ብዬ ነበር» አልህና ኮትህን ቆልፈህ ወጣህ። ወደ አጥሩ መሰለኝ። ብርቄን አስተኝቼ ስወጣ አጥሩ ላይ አልነበርህም።

ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። በጉም ውስጥ ስምህን ይጣራሉ፤ ማሩ ሲሉ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች አቤት የሚል ድምፅ ይመጣል። የገደል ማሚቶ ነው ይላሉ፣ ግን ተጣርተው ሳይጨርሱ የሚመልስ ማሚቶ እኔ ሰምቼ አላውቅም። አንዱ ገበሬ ደግሞ ከጅብራው ተክል በኩል አንድ ሰው ሲቆጥር ሰማሁ፣ በጉም ውስጥ በጎቹን የሚሰበስብ መስሎኝ አለፍሁት አለ። እሱ የሰማው ቁጥር ስንት ላይ እንደደረሰ ልጠይቀው ፈልጌ አልጠየቅሁትም።

በማግሥቱ ጉሙ ሲገለጥ እዚያው ጅብራው መካከል ተገኘህ። ጅብራ ከሩቅ የቆመ ሰው ይመስላል፤ ያን ቀን እዚያ ረድፍ ይዘው የቆሙ ወታደሮች ነበር የሚመስሉት። አንተ ከመካከላቸው ተቀምጠህ፣ ጀርባህን ለአንዱ አስደግፈህ፣ ብርዱ ወስዶሃል። ፊትህ አልከፋም ነበር። መንገድ ጠፋበት አልሁ። ለብርቄም፣ ለቄሱም፣ ለማኅበሩም ይህንኑ አልሁ። አንጎሉ የተጎዳ ሰው መንገድ ጠፋበት ቢሉት የሚጠራጠር የለም። ውሸቴ በአንተ ጉዳት ተሸፈነ።

ከአርባህ በኋላ አያ ታደሰ መጥቶ፣ የሟች ጽዋ ለሚስቱ ነው፣ በቦታው ተቀመጭ አለኝ። ሴቶቹ ጓዳ ሆነን ስናሳልፍ ኖረን፣ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር ከወንዶቹ ጋር ስቀመጥ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ደሴ ቀለደ፣ ሳቅሁ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ አያ ፈንቴ ተነሣና ደጁ ላይ ቆመ። ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ። ያ የሚይዘው ምላሱ ሳይዘው፣ ባንተ አነጋገር፣ በዚያው ባንተ ልክ እየጎተተ፣ «ሰው ሁሉ ገብቷል ወይ?» አለ።

የያዝሁትን ጽዋ መሬት አስቀመጥሁ። አፌ ግን የለመደውን አልረሳምና፣ ሁሉም ገብቷል፣ አስርም ናቸው አልሁ።

አያ ፈንቴ ፊቱን ሳያዞር፣ «አንድ ይቀራል» አለ።

ይህን ቃል ከእኔና ካንተ በቀር የሰማ ሰው አልነበረም ማርዬ። ብርቄ እንኳ በትኩሳት ላይ ነበረች። ዙሪያዬን ባይ ማንም አልደነገጠም፤ እሱ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው አንድ ነገር በአንድነት አጉረመረሙ፤ ጆሮዬ እየጮኸብኝ ምን እንዳሉ አልለየሁም። ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ በአምስት እንዲሁ ሆነ። ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። እኔም ቃሉ ሳይነሣ ቶሎ መውጣት ለመድሁ። ቤቴ ስገባ ደግሞ ኮትህ አለ። ሲመሻሽ፣ ንፋስም ሳይኖር፣ ከኪሱ ውስጥ ጠጠር ከጠጠር ሲነካካ እሰማለሁ። አይጥ ይሆናል ብዬ ኪሱን ፈተሽሁ፤ አይጥ የለም። እንደፈተሽሁ እጄን ወዲያው አወጣሁ። አንድ ቀን ፒያሳ ካለው ባንክ ፊት ለፊት አያ ፈንቴ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን በጣቱ ሲቆጥር አየሁት። ሰላም ሳልለው በሌላ መንገድ ዞርሁ።

ባለፈው ወር ሚስቱ መጣች። ፈንቴ መድኃኒቱን ተወ አለችኝ። በሳምንት አንዴ የሚጥለው አሁን በቀን ሁለት ጊዜ ይጥለዋል፤ ግንባሩ ተተርትሯል። «'እኔ ነኝ የለቀቅሁት፣ ቃሉን ይዤ እኔ ነኝ ያስቀረሁት' እያለ ይዋትታል። እቴ የሺ፣ እባክሽ አንቺ ብትነግሪው ይሰማሽ ይሆናል» አለችኝ። ምን ብዬ ነው የምነግረው? መንገድ የጠፋበት ሰው ካለ፣ መንገድ ያላሳየው ቃል ያዡ ነው። ያን ውሸት ስናገር ጥፋቱን እሱ ላይ መጣሌን አላሰብሁም ነበር። እውነቱን ካልተናገርሁ ፈንቴ ሳይቆይ አፈር ሊገባ ነው።

እንግዲህ ትናንት ተራው የኔ ነበር። ዳቦውን ደፋሁ፣ ጠላውን ጠመቅሁ፤ ክዳን ባነሣሁ ቁጥር ብረት ነው እያልሁ ብቻዬን ለባዶ ቤት ስናገር ዋልሁ። መጡ። አያ ፈንቴን ደሴና ቀለሙ ግራና ቀኝ ደግፈው አስገቡት። ጽዋው ከዞረ በኋላ ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ቀደምሁና ብድግ ብዬ ተናገርሁ። ሁሉንም። ፈንቴን ከደጄ የመለስሁት አፍሬ እንደሆነ፣ ጉሙን፣ ጭሱን፣ ያልሁህን ቃል። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ስጨርስ ከቤቴ ይወጣሉ ብዬ በሩን በሩን አይ ነበር።

ማንም አልተነሣም። አያ ታደሰ በደህናው ዓይኑ አየኝና፣ «እኛም ያልነገርንሽ አለ» አለኝ።

ለካ ማኅበር ከሆናችሁ ወዲህ እናንተ እርስ በርስ አትዋሹም ኖሯል ማርዬ። ሴቶቹን ጓዳ ትታችሁ፣ ከመበተናችሁ በፊት፣ በየወሩ አንተ ትጠይቃለህ፤ ቃል ያዥህ ፈንቴ አንድ ይቀራል ይልሃል፤ ሁሉም በአንድነት አስናቀ ብለው ስሙን ይጠሩታል። እኔ ያልለየሁት ጉርምርምታ እሱ ነው። «ቤት ስገባማ የሺ ሁሉም ገብቷል ትለኛለች» ትላቸው ነበር አሉኝ። «እንዳልገባ አውቃለሁ፤ ግን እሷ ስትለው ደስ ይለኛል።» አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ውሸቴን እያወቅህ ስትሰማኝ ኖርህ። ያችን አንዲት ጠጠር በቀኝ ኪስህ የምትተዋት ለዚህ ነበር። እኔ የምነግርህ መድኃኒት መስሎኝ ነበር፤ አንተ ግን ለኔ ብለህ ትውጠው ነበር።

ይህን ስሰማ ልቤ ቀለለ ብዬ ልጽፍልህ አልችልም። ማኅበርተኞቹ እውነቱን የሚሉህ የአስናቀን ስም ጠርተው፣ አብረውህ ቆመው ነበር። እኔ ያንኑ ቃል ተናድጄ፣ ብቻህን፣ ወደ ጉም አስወጥቼ አልሁህ። ቃሉ አንድ ነው፤ የያዘው እጅ ግን አንድ አይደለም። አያ ታደሰም ጥፋት የለብሽም አላለኝም፤ ስላላለኝ አመሰገንሁት።

ከዚያ ኮትህን ከበሩ ኋላ አውርጄ አያ ፈንቴ ጭን ላይ አኖርሁት። ለማንም ያልነገርሁት አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበርና። ሬሳህን ሲያመጡልኝ ኪሶችህን የፈተሽሁ እኔ ነኝ። ቀኝ ኪስህ ባዶ ነበር። አስሩም ጠጠር በግራ ኪስህ ነበሩ።

አያ ፈንቴ እጁን ከትቶ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። አስር ላይ ሲደርስ ቆመ። «አገኘው ማለት ነው» አለ። ምላሱ አልያዘውም።  ሚስቱ ጓዳ በር ላይ ቆማ ነበር፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው፣ ዋጠ። ካንተ ሞት ወዲህ ጋቢው ከትከሻው ላይ ረገብ ብሎ ያየሁት ያኔ ነው።

ጀንበር ወደ ቀሐ በኩል አዘቀዘቀች። ከወንዙ ቀጭን ጉም ይነሣ ነበር። ሁሉም ማን እንደሚጠይቅ ይጠብቃል፤ ፈንቴ አልተነሣም። ኮትህን ልመልስ ወደ በሩ ሄጄ ነበር፤ ደጁ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። እጄ በኮትህ ኪስ ውስጥ ነበር። ልጠይቅ አላሰብሁም። ማርዬ፣ እንዳላሰብሁ አንተ ታምነኛለህ። ከአፌ ወጣ፤ ባንተ ልክ እየጎተተ ወጣ።

ሰው ሁሉ ገብቷል ወይ?

«አንድ ይቀራል» አለ አያ ፈንቴ ከኋላዬ።

የአስናቀን ስም ጠብቄ ነበር። አስናቀ አላሉም። ሁሉም በአንድነት ማሩ አሉ።

ከወንዙ ማዶ አቤት የሚል ድምፅ ሰማሁ ብልህ ደሴ ይስቅብኛል፤ ስለዚህ አልልህም። በሩን ግን ሳልዘጋ ብዙ ቆየሁ።

ዛሬ ጠዋት ቀሐ ወርጄ አንድ ጠጠር ለቅሜ መጣሁ። አስሩን በግራ ኪስህ፣ እንዳገኘሃቸው፣ ተውኋቸው። አስራ አንደኛውን በቀኙ ከተትሁት፤ እሱ አንተ ነህ። እኔ እስካለሁ ድረስ በየወሩ በአምስት ስምህ ይጠራል፤ አልዋሽልህም፣ ገብቷልም አልልም። ሲመሻሽ ኪሱን እዳብሳለሁ። ያችን ጠጠር ወደ ግራው የማሻግራት እኔም ራሴ አንተ ወዳለህበት የገባሁ ለት ነው።

ያንተው የሺ